ፊርማ ሲሸጥ ሂሳቡ ለማን ይደርሳል?

ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራና ልጅ ትቶ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ የማወራው ስለ አሜሪካ ስቴቶች ፖለቲከኞች ነው። የዋሽንግተኑን ወሬ ሌት ተቀን እንሰማዋለን። የስቴት ገዥዎችን፣ አፈ ጉባኤዎችንና የምክር ቤት አባላትን ግን አብዛኞቻችን በስም እንኳ አናውቃቸውም። መንጃ ፈቃዳችን፣ የመብራት ሂሳባችን፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት ያለው ግን በእነሱ እጅ ነው።

በአንድ ቀን ልጀምር። ኖቬምበር 8 ቀን 1994። ማክሰኞ ነው፤ የምርጫ ቀን። ጆርጅ ራያን የሚባል ሰው በዚያ ቀን የኢሊኖይ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ሆኖ በድጋሚ ተመረጠ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ በኢሊኖይ ይህ መሥሪያ ቤት በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ለሁላችንም ቅርብ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው።

በዚያው ቀን በጎረቤት ስቴት በዊስኮንሲን፣ ሚልዋኪ ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ በሚኒቫን እየተጓዘ ነበር። ከፊታቸው ከነበረ ከባድ መኪና ላይ አንድ ብረት ወደቀ። ሚኒቫኑ ላዩ ላይ ሄደበት። ብረቱ የነዳጅ ታንኩን ቀደደው። እሳት ተነሣ። አባትና እናት ተቃጥለው ተረፉ። ስድስት ልጆቻቸው ሞቱ።

የከባድ መኪናው ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ያገኘው ኢሊኖይ ውስጥ ነው። በኋላ ሲጣራ በጉቦ የተገኘ ሆነ። ሌሎች ሹፌሮች ብረቱ ተንጠልጥሎ አይተው በሬዲዮ ሊያስጠነቅቁት ሞክረው ነበር። እንግሊዝኛ በደንብ ስለማይሰማ አልገባውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን ታሪክ ስናገር አንዳንድ ሰው ወዲያው ጣቱን የሚቀስረው ሹፌሩ ላይ ነው፤ ስደተኛ ስለነበረ። ሰውየው ያጠፋው ጥፋት አለ፣ አልክድም። ግን እሱ ባይገዛ ሌላው ይገዛ ነበር። ዋናው ጥያቄ መሸጫውን ማን ከፈተው የሚለው ነው።

የተከፈተውም እንዲህ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ለራያን የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ትኬት እንዲሸጡ ግፊት ይደረግባቸው ነበር። ብዙ የሸጠ ይወደዳል። ያልሸጠ ጥርስ ይነከስበታል። ታዲያ የፈተና ጣቢያ ሠራተኛ ለማን ይሽጥ? አንዳንዶቹ መንገዱን አገኙት። ፈተናውን ማለፍ ከማይችል ሰው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ያሳልፉታል፣ በገንዘቡ ትኬት ይገዛሉ። ከዚህ ጉቦ ውስጥ ወደ 170 ሺህ ዶላር ገደማ የራያን የምርጫ ካዝና ውስጥ ገባ።

ከአደጋው በኋላ አንድ የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ይጣራ ብሎ ጠይቆ ነበር። የቁጥጥር ክፍሉ ኃላፊ ዘጋበት። ያ ኃላፊ በኋላ ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኝነቱን አምኗል። እውነቱ የወጣው ጥቂት ተራ ሠራተኞች ያዩትን ለፌዴራል መርማሪዎች በመናገራቸው ነው። እነዚህ ሰዎች የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ከሥራ ቢባረሩ መሄጃ የሌላቸው ነበሩ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው እነሱን ነው።

ምርመራው በ1998 ለሕዝብ ሲሰማ ራያን ለገዥነት እየተወዳደረ ነበር። አሸነፈ። በመጨረሻ በዚህ ምርመራ ከ70 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ። ራያን ራሱ በ2006 ጥፋተኛ ተብሎ 6 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። የተፈረደበት ለመንጃ ፈቃዱ ብቻ አይደለም። የስቴት ኮንትራትና ኪራይ ለወዳጆቹ እየሰጠ፣ ለራሱና ለቤተሰቡ ስጦታና ሽርሽር ይቀበል ነበር።

አሁን የሚከብደውን ነገር ልንገራችሁ። ይኸው ሰውዬ በ2000 በኢሊኖይ የሞት ቅጣት እንዳይፈጸም አገደ። ንጹሐን ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው እንደነበር በማስረጃ አየ፤ ሕሊናው አልቀበል አለው። በጃንዋሪ 2003፣ ሥልጣን ሊለቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የ167 ሰዎችን የሞት ፍርድ ቀየረ። ይህ እውነተኛ ድፍረት ነው። አክብሬ ነው የምናገረው። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። ሙሰኛ ማለት ከሩቁ የሚታወቅ፣ ፊቱ ላይ የተጻፈበት ሰው የሚመስለን ከሆነ መቼም አናየውም።

ኦቶ ከርነርን ውሰዱ። ከ1961 እስከ 1968 የኢሊኖይ ገዥ ነበር። በ1967 በየከተማው የጥቁሮች ዐመፅ ሲነሣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ምክንያቱን እንዲያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁሙ ሰብሳቢው እሱ ነበር። ሪፖርቱ አገሪቱ ለሁለት እየተከፈለች ነው፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ብሎ በድፍረት ተናገረ። ከዚያ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ሆነ። በ1973 ያው ዳኛ ጥፋተኛ ተባለ። ገዥ ሳለ ከአንዲት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ባለቤት አክሲዮን በርካሽ ወስዶ፣ ለእሷ የሚመቹ የውድድር ቀናት እንዲሰጧት አድርጓል። እንዴት ታወቀ? ሴትዮዋ የአክሲዮኑን ወጪ የግብር ማስታወቂያዋ ላይ እንደ መደበኛ የንግድ ወጪ አስመዝግባው ነበር። በኢሊኖይ ንግድ ለመሥራት ጉቦ እንደ ኪራይና እንደ ደመወዝ የተለመደ ወጪ መስሏት ነበር።

ከ1961 እስከ 2009 ኢሊኖይን የመሩት ገዥዎች ስምንት ናቸው። ከስምንቱ አራቱ እስር ቤት ገብተዋል። ፍትሐዊ ለመሆን አንደኛው፣ ዳን ዎከር፣ የታሰረው ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በፈጸመው የባንክ ማጭበርበር ነው። ያም ሆኖ ግማሽ ማለት ነው። አራተኛውን፣ ሮድ ብላጎየቪችን፣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኦባማ በ2008 ፕሬዚዳንት ሲመረጡ የለቀቁትን የሴኔት ወንበር የመሙላት ሥልጣን በእጁ ወደቀ። ኤፍቢአይ ስልኩን ጠልፎ ነበር። ይህ ነገር ወርቅ ነው፣ በባዶ አልሰጠውም ሲል ተቀዳ። አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊንም ለምርጫ ዘመቻው መዋጮ እንዲያደርጉ አስጨንቋል፤ ሆስፒታሉ ከስቴቱ የሚጠብቀው የክፍያ ጭማሪ ነበር። የስቴቱ ሴኔት 59 ለ 0 አባረረው። በ2011 መጨረሻ 14 ዓመት ተፈረደበት። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2020 ከእስር አስወጡት፤ በ2025 ደግሞ ሙሉ ይቅርታ ሰጡት።

ዛሬ እንድታስቡልኝ የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ግምጃ ቤት ሰብረው ብር አልወሰዱም። የሸጡት ፊርማቸውን ነው። ፊርማ ሲሸጥ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሻጭና ገዢ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። እኛ ሰፈር እከክልኝ ልከክልህ የምንለው ነው። ተበዳዩ ክፍሉ ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ መበደሉንም አያውቅም። በሚልዋኪ መንገድ ላይ የነበሩት ስድስት ልጆች ጆርጅ ራያን የሚባል ሰው መኖሩን የሚያውቁ አይመስለኝም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ነው።

ኒው ዮርክን እንይ። ሼልደን ሲልቨር ከ1994 እስከ 2015 የስቴቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። በስቴቱ ዋና ከተማ በኦልባኒ "ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል" የሚባል አነጋገር አለ። በጀቱንና ትላልቅ ሕጎችን ገዥው፣ አፈ ጉባኤውና የሴኔቱ መሪ ተዘግተው ይጨርሱታል ማለት ነው። በ2015 ከሦስቱ ሁለቱ ተያዙ። ሲልቨር በጃንዋሪ፣ የሴኔቱ መሪ ዲን ስኬሎስ በሜይ። ስኬሎስ ኩባንያዎችን አስጨንቆ ለልጁ ሥራና ክፍያ ያስገኝ ነበር፤ አባትና ልጅ አብረው ተፈረደባቸው።

የሲልቨርን ግን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ዘዴው ረቂቅ ነው። አስቤስቶስ የሚባል የሕንፃ ቁስ አለ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ክፉ ካንሰር ያመጣል። የታመሙት ሰዎች አምራቾቹን ከሰው ትልቅ ካሳ ያገኛሉ። ስለዚህ ለጠበቆች አንድ ታማሚ ማግኘት ማለት ብዙ ገንዘብ ነው። አንድ የዚህ በሽታ ሐኪም ደግሞ ለምርምር ገንዘብ ይፈልጋል። ሲልቨር ከስቴቱ ገንዘብ 500 ሺህ ዶላር ለምርምሩ እንዲመደብ አደረገ። ሐኪሙ ታማሚዎቹን ሲልቨር ስሙ ወዳለበት የጥብቅና ቢሮ ላከ። ሲልቨር ከዚያ ቢሮ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ድርሻ አገኘ። በወረቀት ሲታይ ሁሉም ንጹሕ ነው። ምርምሩ እውነተኛ ነው። ታማሚዎቹም ጠበቃ አገኙ። ግን አስቡት፤ ሐኪማቸውን አምነው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ሊሞቱ ወራት የቀሯቸው ሰዎች። ሳያውቁ የአንድ ፖለቲከኛ ገቢ ሆኑ።

ሲልቨር በ2015 ጥፋተኛ ተባለ። በ2017 ፍርዱ ተሻረ። በ2018 እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። በ2020 ከፊሉ እንደገና ተሻረ። በመጨረሻ 6 ዓመት ተኩል ተፈርዶበት በ2022 ሳይጨርስ ሞተ። እንዲህ የሚያመላልሰው ነገር ምንድን ነው ትሉ ይሆናል።

ምክንያቱ ሕጉ ነው። እዚህ ትንሽ ታገሡኝ። እስካሁን የጠራኋቸውን ሰዎች በሙሉ የከሰሳቸው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው። የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ በጀቱን የሚያገኘው ሊከሳቸው ከሚገባው ሰዎች ነው፤ ፓርቲያቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራው ለፌዴራሉ ይቀራል። ፌዴራሉ ግን "የስቴት ፖለቲከኛ ጉቦ አይብላ" የሚል አንድ ቀጥተኛ ሕግ በእጁ የለውም። በፖስታ ስለ ማጭበርበር የሚናገር የ1872 ሕግ አለው። በ1946 የወጣ የማስፈራራትና የዘረፋ ሕግ አለው። በ1984 የወጣ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት ሕግ አለው። እነዚህን ለዚህ ጉዳይ እየለጠጠ ይከሳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ የተለጠጠውን ይሰበስባል።

የቨርጂኒያው ገዥ ቦብ ማክዶኔል ጉዳይ ትልቁ ነው። እሱና ሚስቱ ከአንድ የምግብ ማሟያ ነጋዴ ከ175 ሺህ ዶላር በላይ ስጦታና ብድር ወሰዱ። የሮሌክስ ሰዓት። የልጃቸው ሠርግ ምግብ። ማክዶኔል በምላሹ ነጋዴውን ከስቴቱ ባለሥልጣናት ጋር አገናኘው፣ በገዥው መኖሪያ ድግስ አስደገሰለት። በ2014 ጥፋተኛ ተባለ። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሻረው። ስብሰባ ማዘጋጀት፣ ስልክ መደወል፣ ሰው ማስተዋወቅ ብቻውን "የመንግሥት ሥራ" አይባልም አለ። የሲልቨርም የስኬሎስም የመጀመሪያ ፍርድ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ 2024 መጣ። በኢንዲያና ፖርቴጅ የምትባል ከተማ አለች። ከንቲባዋ የቆሻሻ መኪና ግዥ ለአንድ ኩባንያ ከተሰጠ በኋላ ከኩባንያው 13 ሺህ ዶላር ተቀበለ። የማማከር ክፍያ ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ወሰነ። የ1984ቱ ሕግ የሚከለክለው አስቀድሞ የተስማሙበትን ጉቦ ነው፣ ከሥራው በኋላ የሚመጣ የምስጋና ስጦታን አይከለክልም አለ።

ፍርድ ቤቱ ያቀረበውን ምክንያት አንብቤዋለሁ። ንቄ አላልፈውም። ሕጉ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉ የስቴትና የከተማ ሠራተኞችን ይመለከታል፤ ለአስተማሪ ትንሽ ስጦታ የሰጠ ወላጅ በፌዴራል ወንጀል ይከሰስ ወይ ነው ጥያቄው። ደግሞም የስጦታ ነገር በየስቴቱ ሕግ ይወሰን ይላል። ግን በእኔ እምነት ተሳስቷል። ዛሬ ሥራውን ሠርቶ ነገ "ምስጋና" የሚቀበል ባለሥልጣን ለሚቀጥለው ነጋዴ ምን እያስተማረው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሳይነጋገሩ መግባባት ይቻላል። በየስቴቱ ይወሰን ሲባል ደግሞ ሕጉን የሚጽፉት ሕጉ የሚያስራቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

አንዳንዴ ግን የስቴት ሕግም ይሠራል። በአላባማ በ2010 ጠንካራ የሥነ ምግባር ሕግ ሲወጣ ማይክ ሃባርድ ከፊት ሆነው ከገፉት አንዱ ነበር። የስቴቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤም ነበር። በ2016 በዚያው ሕግ፣ በስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ተከሶ፣ በ12 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ግማሾቹ በይግባኝ ቢሻሩም እስር ቤት ከመግባት አልዳነም። ሕጉ ስለት ካለው ጻፈውም አልጻፈው ይቆርጣል።

ሕዝቡስ ለምን ይመርጣቸዋል? ይህን ጥያቄ ሁሌ እጠየቃለሁ። ሕዝብ ሞኝ አይደለም፤ ምርጫው ጠባብ ነው። ሉዊዚያናን ተመልከቱ። ኤድዊን ኤድዋርድስ ለአራት ዘመን ገዥ ሆኗል። በሙስና ሲጠረጠር ኖሯል። በ1991 ግን የተፎካከረው የነጭ ዘረኞች ቡድን የሆነው የኩ ክለክስ ክላን መሪ ከነበረው ከዴቪድ ዱክ ጋር ነው። ሰው መኪናው ላይ "ሌባውን ምረጡ፣ ጉዳዩ ትልቅ ነው" የሚል ወረቀት ለጥፎ ሄደና ኤድዋርድስን መረጠ። እኔም እዚያ ብሆን እመርጠው ነበር። ኤድዋርድስ በ2000 ከቁማር ጀልባዎች ፈቃድ ጋር በተያያዘ ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት ተፈረደበት።

ሌላው ምክንያት ልማድ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያልን ነው ያደግነው። ተረቱ እንደ ምክር ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ሕፃን ሆኜ እንኳ ይከነክነኝ ነበር። "ሁሉም ይበላሉ" ማለት የሚበላውን ሰው ከማንም በላይ የሚጠቅም ቃል ነው። ሁሉም አይበሉም። በኢሊኖይ ከስምንት አራቱ ታሰሩ፤ አራቱ አልታሰሩም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው። የኢሊኖይ ዋና ከተማ ቺካጎ አይደለችም። ስፕሪንግፊልድ ናት፤ ከቺካጎ ሦስት ሰዓት በላይ በመኪና ያስኬዳል። የኒው ዮርክ ኦልባኒ ናት። ፊሊፔ ካምፓንቴና ኳክ አን ዶ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን አጥንተው፣ ዋና ከተማቸው ከሕዝቡ የራቀባቸው ስቴቶች ሙስና በዝቶባቸው አግኝተዋል። ጋዜጣው ስለ ስቴቱ መንግሥት ትንሽ ይጽፋል። ሕዝቡም ትንሽ ያውቃል። በዚያ ላይ ጋዜጦቹ ራሳቸው እየጠፉ ነው። ከ2003 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ብቻ በየስቴቱ ምክር ቤት ቁጭ ብለው የሚዘግቡ የጋዜጣ ሪፖርተሮች ቁጥር ከሲሶ በላይ ቀንሷል። ባዶ ወንበር ፊት ሕግ ይጸድቃል።

ማይክል ማዲገን በእንዲህ ዓይነት ጸጥታ ውስጥ ነው የኖረው። በድምሩ 36 ዓመት የኢሊኖይ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል የቆየ የለም። ኢሜይል አይጠቀምም ነበር። እሱ ሳይፈቅድ ሕግ አያልፍም። የሰሜን ኢሊኖይ መብራት ኩባንያ ኮምኤድ ይህን ስለሚያውቅ ለማዲገን ሰዎች ሥራና ክፍያ ይሰጥ ነበር። ምንም ሥራ ለማይሠሩ ወይም ጥቂት ለሚሠሩ ሰዎች 1.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሏል። ኩባንያው ይህን በ2020 አምኖ 200 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ። ማዲገን በ2025 ከ23 ክሶች በ10ሩ ጥፋተኛ ተባለ። ሰባት ዓመት ተኩል እስርና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተፈረደበት።

አሁን ወደ ኦሃዮ ልውሰዳችሁ። የመጨረሻው ታሪኬ ነው።

ፈርስትኤነርጂ የሚባለው የመብራት ድርጅት ሁለት የኒውክሌር ጣቢያዎች ይከስሩበት ነበር። ላሪ ሃውስሆልደር የሚባል ፖለቲከኛ ደግሞ አፈ ጉባኤ መሆን ይፈልጋል። ከዚህ በፊት አንዴ ሆኖ ነበር፤ እንደገና ፈለገ። ገንዘቡ ለእሱ በቀጥታ አልተሰጠም። "ጄነሬሽን ናው" የሚባል የበጎ አድራጎት መልክ ያለው ድርጅት ተቋቋመ። እንዲህ ዓይነት ድርጅት ማን ገንዘብ እንደሰጠው የመግለጽ ግዴታ የለበትም። ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ገባበት። በገንዘቡ ደጋፊዎቹን አስመረጠ። እነሱ አፈ ጉባኤ አድርገው መረጡት። ከገንዘቡ ለራሱም ወሰደ፤ ዕዳውን ከፈለ፣ ፍሎሪዳ ያለውን ቤቱን አስጠገነ። በጁላይ 2019 ሃውስ ቢል 6 የሚባል ሕግ ጸደቀ። 1.3 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ ነው። ከፋዩ የኦሃዮ መብራት ተጠቃሚ ሁሉ።

ሕዝቡ ዝም አላለም። ሕጉ በሕዝብ ድምፅ እንዲሻር ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። የሃውስሆልደር ወገን ደግሞ ሰዎች ቀጥሮ ፊርማ ሰብሳቢዎቹን አስከበበ። ቻይና መብራታችሁን ልትቆጣጠር ነው የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለቀቀ። ፊርማ በማሰባሰቡ ሥራ ውስጥ የነበረ አንድ ወጣት የዘመቻውን የውስጥ መረጃ እንዲሰጥ 15 ሺህ ዶላር ቀረበለት። ወጣቱ ወደ ኤፍቢአይ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩትን እየቀዳ ሰጣቸው። ጉቦውን ያቀረበለት የሃውስሆልደር ፓርቲ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ፣ የቀድሞ የስቴት ሊቀመንበር ነበር፤ እሱም አብሮ ተፈርዶበታል።

ፊርማው አልሞላም። ሕጉ ጸና። ሃውስሆልደር በጁላይ 2020 ተያዘ። በኖቬምበር፣ ክስ እያለበት፣ በድጋሚ ተመረጠ። ባልደረቦቹ በ2021 ከምክር ቤት አባረሩት። በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ 20 ዓመት ተፈረደበት። ፈርስትኤነርጂ 230 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ሰው ይህን ሲሰማ እፎይ ይላል። ሌባው ገባ፣ አለቀ ይላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ከዚያ ሕጉ ራሱ ምን ሆነ ብዬ ፈለግሁ።

የኒውክሌሩ ክፍያ ከሕዝብ ሊሰበሰብ ቀናት ሲቀሩት ፍርድ ቤት አገደው፤ በ2021 ተሰረዘ። ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ሌላ አንቀጽ ነበር። የሁለት አሮጌ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን ኪሳራ የኦሃዮ ደንበኛ ይሸፍን የሚል ነው። አንዱ ማመንጫ ኦሃዮ ውስጥም አይደለም፤ ኢንዲያና ውስጥ ነው። ያ አንቀጽ አልተሰረዘም። ለአንድ ቤት በወር እስከ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ትንሽ ስለሆነ ማንም አያየውም። በሚሊዮን ቤት ሲባዛ ነው ትልቅ የሚሆነው።

ሃውስሆልደር ተያዘ፤ ክፍያው ቀጠለ። ተባረረ፤ ቀጠለ። 20 ዓመት ተፈረደበት፤ የዚያን ወር ሂሳብም ከነክፍያው መጣ። የስቴቱ ምክር ቤት ያንን ድጎማ የሚያቆም ሕግ ያጸደቀው በ2025 ነው። እስከዚያ ድረስ ኮሎምበስ ያለ ጡረተኛም፣ ክሊቭላንድ ያለች የሌሊት ፈረቃ ነርስም፣ ቢል ስድስት የሚባል ሕግ ሰምተው የማያውቁ ወገኖቻችንም መብራታቸውን ባበሩ ቁጥር ይከፍሉ ነበር።